በወንዝ ዳር የተሸጠው ሳልሞን ከመዝገብ እንዳይቀር

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የኮሎምቢያ ወንዝ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች መካከል ድንበር ሆኖ ፈስሶ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። በነሐሴና በመስከረም ወራት ሳልሞን የተባለው ዓሣ ለመራባት ከውቅያኖሱ ተነሥቶ ወደ ተወለደበት ወንዝ በብዛት ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ቀደም ሲል ቀይ ሕንዶች ሲባሉ የኖሩት፣ መረባቸውን ይጥላሉ። ከያዙትም ዓሣ ከፊሉን እዚያው ወንዝ ዳር፣ በረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አድርገው ለመንገደኛና ለከተማ ሰው በቀጥታ ይሸጣሉ። ሽያጩ በአብዛኛው እጅ በእጅ ነው። ገዢው ዓሣውን በመኪናው ጭኖ ይሄዳል፤ ሻጩም ገንዘቡን በኪሱ ያስገባል። ዓሣው ስንት እንደ ነበረ፣ ምን ያህል እንደ መዘነና በምን ዋጋ እንደ ተሸጠ የሚናገር ወረቀት ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

በዚህ ማን ይጎዳል ቢባል፣ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ራሱ ሻጩና የእርሱ ጎሣ ናቸው።

የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሠራ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በማኅበሩ መጋዘን በኩል ያለፈ እህል ሚዛን ላይ ወጥቶና ካርኒ ተቆርጦለት ይታወቃል። በየመንገዱ ዳር በጣሳና በቁና የተሸጠው ግን፣ የተሻለ ዋጋ ያወጣው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ዓመቱ ሲዘጋ እንዳልተመረተ ይቆጠራል። የሳልሞን አስጋሪዎቹ ችግር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ ከመዝገብ የቀረው ቁጥር የመብት ጥያቄ ጭምር መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መብቱ ከቁጥር ጋር እንዴት ተያያዘ

የእነዚህ ሕዝቦች የማስገር መብት ከመንግሥት በችሮታ የተሰጠ አይደለም። ዛሬ ያካማ፣ ኡማቲላ፣ ዋርም ስፕሪንግስና ኔዝ ፐርስ በሚል ስም የሚታወቁት አራት የጎሣ አስተዳደሮች አባቶች በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል እጅግ ሰፊ መሬታቸውን ለቀዋል። መሬቱን ሲለቁ ግን ከጥንት ጀምሮ በለመዱት ቦታ ሁሉ ከሌሎች ዜጎች ጋር በጋራ ዓሣ የማስገር መብታቸውን ለራሳቸው አስቀርተዋል። በዋሽንግተን ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ፒዩጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ሰርጥ ዙሪያ የሚኖሩ ጎሣዎችም በ1854 እና በ1855 ተመሳሳይ ውል ፈጽመዋል።

ውሉ በወረቀት ቢሰፍርም ግዛቶቹ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የራሳቸውን ደንብ እያወጡ የአስጋሪዎቹን መረብ ሲወርሱና ሰዎቹንም ሲያስሩ ኖረዋል። ነገሩ መልክ የያዘው በፍርድ ቤት ነው። በ1968 ዐሥራ አራት የያካማ አስጋሪዎች ባቀረቡት ክስ መነሻ ዳኛ ሮበርት ቤሎኒ በ1969 የኮሎምቢያ ወንዝ ጎሣዎች ከዓሣው ተገቢ ድርሻ እንዲያገኙ ፈረዱ። በ1974 ደግሞ ዳኛ ጆርጅ ቦልት በውሉ ውስጥ «በጋራ» የሚለውን ቃል ተርጉመው፣ በዋሽንግተን ግዛት ያሉት ባለ ውል ጎሣዎች ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ እስከ 50 በመቶ እንዲያገኙ ወሰኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፍርዱን በዋና ሐሳቡ በ1979 አጸናው።

በሰፊው የሚነገረው ይህ 50 በመቶ ነው። ለመዝገብ ጉዳይ ግን በፍርዶቹ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሁለት ነገሮች ይበልጣሉ። አንደኛው፣ ዳኛ ቦልት አንድ ጎሣ የራሱን አስጋሪዎች ራሱ ያስተዳድር ዘንድ ካስቀመጧቸው ሁኔታዎች መካከል የአባላት መታወቂያና የተያዘው ዓሣ ሪፖርት ይገኙበታል። ይህም ማለት ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ከጅምሩ ከመዝገብ ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በተከለለው የጎሣ ይዞታ ውስጥ የተያዘው፣ ለቤት ምግብና ለሃይማኖታዊ በዓል የዋለው ዓሣም ከጎሣው ድርሻ ላይ እንዲታሰብ አድርጓል። ስለዚህ የተሸጠው ብቻ ሳይሆን የተበላውም፣ ለሽማግሌ የተሰጠውም ይቆጠራል።

ጎሣዎቹ ይህን ሥራ የሚያግዙ የጋራ ተቋማት ለማቋቋም ጊዜ አልወሰዱም። በዋሽንግተን ግዛት ምዕራብ ያሉት የሰሜን ምዕራብ ነባር ሕዝቦች የዓሣ ሀብት ኮሚሽንን በ1974፣ አራቱ የኮሎምቢያ ጎሣዎች ደግሞ የኮሎምቢያ ወንዝ የጎሣዎች የዓሣ ሀብት ኮሚሽንን በ1977 መሥርተዋል። ሁለቱም የዓሣ ሊቃውንት አሏቸው። ሊቃውንቱ ግን የሚሠሩት ከታች በሚመጣላቸው ቁጥር ነው።

ነጋዴው ሲቀር ካርኒውም ቀረ

ዓሣው ሁሉ ለነጋዴና ለማቀነባበሪያ ፋብሪካ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የመዝገቡ ሥራ ቀላል ነበር። ተረካቢው ዓሣውን መዝኖ የመረከቢያ ካርኒ ይቆርጣል። ካርኒው ላይ የአስጋሪው ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ዓሣው የተያዘበት የውኃ ክልል ቁጥር፣ የመረቡ ዓይነት፣ የዓሣው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ክብደቱና ዋጋው ይሰፍራል። ግልባጮቹም ለሚመለከታቸው ሁሉ ይደርሳሉ። አስጋሪው መጻፍ ባይወድ እንኳ ነጋዴው ይጽፍለታል፤ ምክንያቱም ነጋዴው ለራሱ ሒሳብ ይፈልገዋል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ከኖርዌይና ከቺሊ በእርባታ ያደገ ሳልሞን ገበያውን እያጥለቀለቀ መጣ። ለዱር ሳልሞን በጅምላ የሚከፈለው ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ለመረቡና ለሞተሩ ነዳጅ እንኳ የማይበቃ ዋጋ የቀረበለት አስጋሪ ዓሣውን ራሱ ይዞ ወደ መንገድ ዳር ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም። በቀጥታ የሚሸጠው ዓሣ በአብዛኛው ከጅምላው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ገዢውም በዚያው ቀን የተያዘ ዓሣ ከአስጋሪው እጅ በማግኘቱ ይደሰታል። የኮሎምቢያው ኮሚሽንም ይህን አሠራር በመደገፍ አስጋሪዎች ዓሣውን በንጽሕናና በበረዶ እንዲይዙ የሚያሠለጥን የገበያ ክፍል አቋቁሟል።

ቦታውም ለዚህ ይመቻል። በቦንቪልና በማክናሪ ግድቦች መካከል ባለው 147 ማይል፣ ማለትም 237 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የወንዙ ክፍል፣ ለገበያ የሚውል ሳልሞን ማስገር የአራቱ ጎሣዎች ብቻ ነው። በግድቦቹ ውኃ ለተዋጡት ጥንታዊ የማስገሪያ ቦታዎች ምትክ እንዲሆኑ የተሰጡ 31 ቦታዎች በወንዙ ዳርና ዳር ይገኛሉ። ከጠፉት ቦታዎች ዋነኛው የዘ ዳልስ ግድብ በ1957 ያሰጠመው የሴላይሎ ፏፏቴ ነው። በእነዚህ ቦታዎችና ካስኬድ ሎክስን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞች በወቅቱ ያለፈ መንገደኛ ዓሣ አያጣም።

ችግሩ አስጋሪው የነጋዴውን ሥራ ሲረከብ የነጋዴውን ሚዛንና ካርኒ አለመረከቡ ነው። ቀን ቀን በጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት የዋለ ሰው፣ እጁ ረጥቦና በዓሣ ቅርፊት ተሸፍኖ፣ አምስት ገዢ ቆሞ እየጠበቀው፣ ብእር አንሥቶ ቅጽ እንዲሞላ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜም መረቡን የሚጎትተውና ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ የሚሸጠው አንድ ሰው አይደለም። አስጋሪው ወንዝ ላይ ሳለ ሚስቱ ወይም እኅቱ ትሸጣለች። ካርኒው በጀልባው፣ ዓሣው በመኪናው፣ ገንዘቡ በሴትዮዋ ቦርሳ ይሆንና ማታ ሲገናኙ «ስንት ነበር?» በሚል ጥያቄ የሚሞላ መዝገብ ይሆናል።

ያልተጻፈው ዓሣ የት ይታያል

አንዳንድ ሰው ያልተጻፈ ዓሣ በቁጥጥር ዓይን የማይታይ ይመስለዋል። በኮሎምቢያ ወንዝ ግን ዓሣው ግድቡን የሚሻገረው ደረጃ ደረጃ ሆኖ በተሠራ የውኃ መውጫ ሲሆን፣ በዚያ ሲያልፍ ይቆጠራል። በቦንቪል ቆጠራው የተጀመረው ግድቡ በተሠራበት በ1938 ነው። ወደ ላይ ሲወጣ በማክናሪም ይቆጠራል። ከታች የተቆጠረው ከላይ ከተቆጠረው ሲበልጥ «የቀረው የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ወደ ገባር ወንዝ የታጠፈ አለ፤ በመንገድ የሞተ አለ፤ በመንጠቆና በመረብ የተያዘ አለ። የተያዘው በካርኒ ከታወቀ የቀረው ጥያቄ ያንሳል። ካልታወቀ ግን ጥርጣሬው መረብ በያዘው ሰው ላይ ያርፋል።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሁለቱ ግድቦች መካከል 40,000 ያህል ዓሣ ጠፋ ተብሎ ነባር አስጋሪዎች ተወነጀሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ዓሣ ገዢ መስለው በ1981 እና በ1982 በስውር ምርመራ አካሄዱ። ከተያዙትም አንዱ፣ በ1968ቱ ክስ ከነበሩት ዐሥራ አራት የያካማ አስጋሪዎች መካከል የነበሩት ዴቪድ ሶሃፒ፣ 317 ዓሣ ከወቅቱ ውጪ ሸጠዋል ተብለው ከልጃቸው ጋር አምስት አምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የያካማ ጎሣ ፍርድ ቤት በ1987 ነጻ ናችሁ አላቸው፤ አዛውንቱም በ1988 ተፈቱና በ1991 ዐረፉ። ጠፋ የተባለውን ዓሣ በተመለከተም፣ በጆን ዴይ ግድብ አጠገብ ከነበረ የአሉሚኒየም ፋብሪካ የሚወጣ ፍሎራይድ ዓሦቹን ወደ ላይ ከመውጣት ያዘገያቸው እንደ ነበረ የሚያመለክት የምርምር ማስረጃ ቆይቶ ወጣ።

በ40,000 ዓሣና በ317 ዓሣ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያሻም። ካርኒ ቢኖር ሶሃፒን ያድናቸው ነበር ማለት አይቻልም። እርሳቸው የሚሟገቱት ግዛቱ ወቅት የመወሰን ሥልጣን የለውም ብለው ነበርና። ስለ ጠፋው ዓሣ የተነሣውን ውንጀላ ግን የእያንዳንዱ ቀን ቁጥር በእጁ የያዘ ጎሣ ከሌለው ይልቅ በቶሎ ሊመልሰው ይችላል።

ሌላም መታያ አለ። በአንድ ዓመት ወደ ወንዙ የተመለሰው ሳልሞን ብዛት የሚሰላው የተያዘውንና ወደ ማራቢያው የደረሰውን በመደመር ነው። ከተያዘው ላይ ያልተጻፈ ሲኖር የዚያ ዓመት ዓሣ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። የሚቀጥሉት ዓመታት ትንበያም በዚያ ላይ ስለሚመሠረት፣ ዛሬ በኪስ የገባው ያልተጻፈ ዓሣ የመጪውን ጊዜ ድርሻ ሊያሳንስ ይችላል። በዚያው ወንዝ የሚያልፉት የስኔክ ወንዝ ሳልሞኖች ከ1991 እና ከ1992 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ የሚፈቀደው መጠን ጠባብ ነው፤ ቆጠራውም ወቅቱ ሳይዘጋ በየሳምንቱ መታወቅ አለበት። ወቅቱ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ካርኒ ለታሪክ ይጠቅማል እንጂ ለውሳኔ አይደርስም።

ክፉ ዓመት ሲመጣ

አስጋሪዎችን ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው የእርዳታው ጉዳይ ነው። በድርቅ፣ በውኃ ሙቀት ወይም በሌላ ምክንያት ዓሣው ሳይመጣ ሲቀር አንድ ጎሣ ለአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር አመልክቶ በዓሣ ሀብቱ ላይ አደጋ መድረሱ እንዲታወጅለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁ ሲታወጅ የእርዳታ ገንዘብ መንገድ ይከፈታል። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ማሻሻያ ሕግ መለኪያውን በግልጽ አስቀምጧል። የዓመቱ ገቢ አደጋ ካልደረሰባቸው የቅርብ አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። ኪሳራው ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኛል። ከ35 እስከ 80 በመቶ ከሆነ ተመርምሮ ይወሰናል። ከ35 በመቶ በታች ከሆነ በአጠቃላይ አይታይም።

እንግዲህ ለስሌት እንዲመች የአንድ ማስገሪያ እውነተኛ አማካይ ገቢ በዓመት 2,000,000 ዶላር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ በነጋዴ በኩል አልፎ በካርኒ የተመዘገበው 900,000 ብቻ ነው፤ የቀረው 1,100,000 በወንዝ ዳር በቀጥታ ተሸጦ አልተጻፈም። ክፉ ዓመት መጣና ጠቅላላው ገቢ ወደ 600,000 ወረደ፤ ይህም በሙሉ ተመዘገበ። በእውነቱ ኪሳራው 70 በመቶ ነው። በመዝገቡ መሠረት ግን 900,000 ወደ 600,000 ስለ ወረደ 33 በመቶ ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጥያቄው ከበሩ ይመለሳል። በደጉ ዘመን ያልተጻፈው ገንዘብ በክፉው ዘመን እንዳልነበረ ተቆጠረ ማለት ነው። ዓሣው ተጽፎ ዋጋው ሳይጻፍ ቢቀር ወይም በወንዝ ዳር በ6 ዶላር የተሸጠው ፓውንድ በነጋዴው የ2 ዶላር ዋጋ ቢመዘገብም ውጤቱ ወደዚያው ያደርሳል።

ከዚህም ሌላ ደመወዝ ለሌለው ሰው ለጀልባና ለሞተር ብድር ሲጠይቅ ገቢውን የሚያሳይለት ሰነድ ካርኒው ነው።

ለምን አይጻፍም?

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ አስጋሪው ለምን ይሸሻል? ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ቀላል ቢሆንም ትክክል አይሆንም። አያቱ መረቡን የተወረሰበት፣ አባቱ በዳኛ ፊት የቆመበት ሰው ስሙንና የያዘውን ዓሣ በወረቀት ጽፎ ለማስረከብ ቢያመነታ ምክንያት አለው። ግብርም ይፈራል። ይህኛው ፍርሃት ግን በማስረዳት የሚወገድ ነው። በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ የጎሣ አባል በውል ከተጠበቀው የማስገር መብቱ የሚያገኘው ገቢ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። አንዳንድ ጎሣዎች ራሳቸው ከሽያጩ ላይ አነስተኛ የዓሣ ቀረጥ የሚሰበስቡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ከነጋዴው ሒሳብ ላይ የሚቆረጠው ይህ ቀረጥ በቀጥታ ሽያጭ ላይ ያመልጣል። እዚህ ላይ የጎሣው አስተዳደር ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ ለአባላቱ በግልጽ ካላሳየ በካርኒ ላይ የሚያሰማው ስብከት ሰሚ አያገኝም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከበደ ነው። የተጻፈው ዓሣ ከድርሻው ላይ ስለሚቀነስ፣ በታማኝነት የሚጽፍ ጎሣ ወቅቱ ቶሎ ሊዘጋበት ይችላል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ያልተጻፈው ዓሣ ከሒሳብ ውጪ አይቆይም። ተቆጣጣሪዎች በነጋዴ ካርኒ ላይ ለሕዝብ የተሸጠውንና ለቤት የቀረውን በግምት ይጨምሩበታል። ግምቱ ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል፤ ሊበልጥም ይችላል። ሲበልጥ የሚከራከረው ወረቀት ያለው ብቻ ነው።

የግል ገቢ በአደባባይ ይወጣል የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ በአሜሪካ የዓሣ መዝገብ አሠራር የሚታተመው ድምር ነው። ከሦስት ያነሱ ሰዎች ያሉበት ድምር ደግሞ ግለሰቡን እንዳያጋልጥ ከኅትመት እንዲቀር የማድረግ ልማድ አለ።

ሣጥኑ አጠገብ የሚሠራ መዝገብ

ወንዝ ዳር የሚሸጥን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሒሳብ ሹምነት መለወጥ አይቻልም። የሚሠራው ዘዴ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ከሣጥኑ አጠገብ፣ በውኃ በማይበላሽ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ የሚሞላ የዕለት ማስታወሻ ይኖራል። አንድ ገዢ አንድ መስመር ነው፤ የዓሣው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ክብደቱና የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ይጻፋል። ይህን የሚጽፈው ዓሣውን የሚሸጠው ሰው ነው፤ ገንዘቡን የተቀበለ እጅ ቁጥሩንም ይጽፋል። ማታ ደግሞ የማስታወሻው ድምር ወደ አንድ ካርኒ ይዛወርና በተረካቢው ስም ቦታ ሽያጩ ለሕዝብ በቀጥታ የተደረገ መሆኑ ይገለጻል። ለሠላሳ ገዢ ሠላሳ ካርኒ መቁረጥ አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማመሳከሪያ የዘዴው ልብ ነው። በዕለቱ ከመረብ የወጣው ዓሣ በሙሉ የሄደበት መታወቅ አለበት። ለምሳሌ 47 ዓሣ ተይዞ ቢሆን፣ 17 ለሕዝብ ተሽጧል፤ 20 ማታ ለነጋዴ ተሰጥቷል፤ 3 ለቤት ቀርቷል፤ 2 ለሽማግሌዎች ተሰጥቷል፤ 5 በበረዶ አድሯል። ሲደመር 47 ይሆናል። ድምሩ 44 ቢመጣ ሦስቱን መፈለግ የሚቻለው በዚያው ማታ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሁለት ስሕተቶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። በበረዶ ያደሩት አምስት ዓሦች በማግሥቱ ሲሸጡ እንደ አዲስ የተያዙ ሆነው እንዳይጻፉ መጠበቅ አለባቸው። እንዲሁም ነጋዴው የተረከባቸው 20 ዓሦች በነጋዴው ካርኒ ስለሚጻፉ አስጋሪው በራሱ ካርኒ ላይ ደግሞ ከያዛቸው ሁለት ጊዜ ተቆጥረው የጎሣውን ድርሻ ያለ አግባብ ይበላሉ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ጎደለ ቁጥር ነው፤ የተደረበ ቁጥርም ያንኑ ያህል ይጎዳል።

ክብደትን በተመለከተ የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። ሆድ ዕቃው የወጣና ያልወጣ ዓሣ እኩል አይመዝኑም። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ እንዳለ ይረከባል፤ የከተማ ገዢ ግን ተጠርጎ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ «ሙሉ» ወይም «የተጠረገ» የሚል አንድ ቃል ካልተጨመረ ሁለቱ ክብደቶች ተደምረው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይወጣል። በዓይን የተገመተ ክብደትም እንዲሁ ነው። በእጅ የሚንጠለጠል ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም፤ ለአስጋሪዎቹ ሚዛን ማደል የሚችል ጽሕፈት ቤት ከዚያ በኋላ ስለ ክብደት ቢቆጣ ያምርበታል።

የገዢው ድርሻም መዘንጋት የለበትም። የኮሎምቢያው ኮሚሽን ከወንዝ ዳር ዓሣ ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ምክር በረዶና ማቀዝቀዣ ሣጥን እንዲይዝ፣ ጥሬ ገንዘብም እንዲያዘጋጅ፣ ሲገዛም ደረሰኝ እንዲጠይቅ ነው። ዓሣውን በመኪናው ጭኖ የሚሄደው ሰው በሕጋዊ ወቅት ከሕጋዊ አስጋሪ መግዛቱን የሚያሳየው ደረሰኙ ነው። ደረሰኝ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ የሚጽፍ ሻጭም ይበዛል፤ ተቆጣጣሪ በየቦታው ከማቆም ይልቅ ይህ ይረክሳል።

በቅርብ ዓመታት የጎሣ ጽሕፈት ቤቶች ካርኒዎችን በኮምፒዩተር ወደሚያዝ የጋራ መዝገብ ማስገባት ለምደዋል። ይህም የሳምንቱን ድምር ቶሎ ለማውጣት ረድቷል። መሣሪያው ግን ወንዝ ዳር ያልተጻፈውን አይጽፍም። አስጋሪው ካርኒውን ሲያስረክብ ጽሕፈት ቤቱም የወቅቱን ድምር፣ የተያዘውን ብዛትና ከየትኛው ሽያጭ ምን ያህል እንዳገኘ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢመልስለት መልካም ነው። ብዙ አስጋሪ በነጋዴውና በወንዝ ዳር ሽያጭ መካከል ያለውን እውነተኛ ልዩነት፣ ነዳጁና በረዶው ተቀንሶ፣ በቁጥር ሊያይ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ካርኒው ሲታደል ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር ለማን እንደ ተሰጠ ይመዘገባል። የተበላሸ ቅጠል አይቀደድም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎበት ከጥራዙ ጋር ይቆያል። በመከር ወቅት መጨረሻ መረቡ ከውኃ ሲወጣ ጥራዙ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመለሳል፤ ያልተጻፈባቸው ቅጠሎችም አንድ በአንድ ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል።